የኋላ ረድፍ ቧንቧ

ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ ወደ በርከዱ በሚያወርደው መሰላል መሀል ላይ ስደርስ ቀኝ ጉልበቴ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድም አለ። ከላይ ያሉት በገመድ ሳቡኝ፣ ከታች ያሉት በትከሻቸው ገፉኝ፣ እኔም መሀል ሆኜ ሁለቱንም ወገን እየተሳደብኩ ወጣሁ። እንደ ጆንያ እህል ከጉድጓድ የተጎተተ ሰው በማግስቱ ተነሥቶ «ኃላፊ ነኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? የበርከዱን ቁልፍ አስረከብኩ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ደብተር ይሰጠዋል፤ ለእኔ የተሰጠኝ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ጥሩ ወንበር ነው፤ መደገፊያ አለው። ይህንንም የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የተጣመመ ፊደል ካየህ እለፈው፤ የተጣመመ ፍርድ ካየህ ግን አትለፈኝ።

ሐርጌሳ የመጣሁት ከወሎ ነው፤ ባሌ ከሞተ በኋላ፣ አንዲት ሴት ልጄን ይዤ፣ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል። መጀመሪያ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ በሚሠሩ ቤቶች ሲሚንቶ ተሸከምኩ። ከዚያ ዋሄን ገበያ አጠገብ ለአንዲት ሻይ ሻጭ ዕቃ አጠብኩ። ሴትዮዋ ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር፣ የሰበረው ደንበኛ እንኳ ቢሆን፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ትጭን ነበር። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ዓይኗ እያየ ብርጭቆ ጣለ፤ እሷም እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረች። እኔም የያዝኩትን ብርጭቆ ለቀቅኩትና «አሁን አንድ የእሱ፣ አንድ የእኔ። ለየራሳችን ተቆጪን» ብያት ወጣሁ። ወደ ሲሚንቶው ተመለስኩ። የተመለስኩበት ሕንፃ ነው እስከ ዛሬ ያላስወጣኝ።

ሕንፃው በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በኩል ያለ አራት ፎቅ ነው። ከኋላው ባሊ አለ። ባሊ ማለት የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ መሬት ነው። ቤቶቹን የሸጠው ነጋዴ ግን «ሐይቅ ዳር» ብሎ ነበር ያስወራው። አልዋሸም፤ ጊዜውን አልተናገረም እንጂ። ጉ በሚሉት የበልግ ዝናብ ወራት እውነትም ሐይቅ ይሆናል። ወፍ ይመጣል፣ እንቁራሪት ይንጫጫል፣ የፎቁ ሰው ወንበር አውጥቶ ማዶ ማዶውን ያያል። ጂላል በሚሉት ደረቅ ወራት ግን ፍየሎች መሀሉ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። አንዲት ከውጭ አገር የመጣች ሴት በጂላል ቤት ልታይ መጥታ «ሐይቁ የት አለ?» ብትለኝ «ለጉዳይ ወጥቷል፤ ይመለሳል» አልኳት። ገዛችው። ዛሬም ስንገናኝ «ጉዳዩን ጨረሰ?» ትለኛለች።

ከሕንፃው ኋላ፣ ከባሊው በሚለየው አጥር ሥር፣ አንድ ረድፍ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ፎቁ ሲሠራ የሲሚንቶ ማስቀመጫና የሠራተኛ ማደሪያ ነበሩ። ፎቁ ሲያልቅ ሲሚንቶው ወጣ፣ ሠራተኛው ቀረ። የቀን ሠራተኞች፣ ግንበኞች፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ ሁላችንም ከኢትዮጵያ የመጣን። የኋላ ረድፍ እንባላለን። ለረድፉ ሁሉ አንድ ቧንቧ ነው ያለው። ይህ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የዚያ ቧንቧ ታሪክ ነው። ውኃው የእኛም ነው ወይስ ሲራሩልን የሚሰጡን? እኔ በዚህ ግቢ የሠራሁትም፣ የተጣላሁትም፣ ያረጀሁትም በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ የበርከዱ ቁልፍ ያዥ የነበረው አዴር ጃማ ነው። አዴር አጎት ማለት ነው፤ ሁሉም እንዲህ ይለው ነበር። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይበልጥ የተቀመመ ነበር። የመጣሁ ሰሞን ሲሚንቶ ተሸክሜ ሳልፍ አየኝና «አንቺ፣ የማን ነሽ እንዲህ እየተቆጣሽ የምትሸከሚ?» አለኝ።

«የማንም አይደለሁም» አልኩት።

«እንግዲያው የበርከዱ ሁኚ» አለኝ።

በርከድ ከመሬት በታች የሚሠራ የሲሚንቶ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው። በጉ የጣራው ውኃ በአሸንዳ ወርዶ ይገባበታል፤ ዝናብ ሲጠፋ ቦቴ መጥቶ ይሞላዋል። ከበርከዱ በፓምፕ ወደ ጣራ ይወጣና ከጣራ በቧንቧ ወደየቤቱ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚጠጣው አራተኛ ፎቅ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው የኋላ ረድፍ።

አዴር ጃማ በርከዱ ጣራ ላይ በጫማ አይወጣም ነበር። «ሰው የሚጠጣው ነገር አናት ላይ በጫማ ይቆማል? አስተግፊሩላህ!» ይላል። ወደ ውስጥ ከመውረዱ በፊት ፋኖስ በገመድ ያወርዳል። መብራቱ ከደከመ ታች ያለው አየር መጥፎ ነው፤ እርጥብ አንሶላ እያራገብን እንጠብቃለን። ስንት ጎረምሳ «አዴር፣ ፈራህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። እሱም «አዎ፤ አንተ ሞተህ እናትህ እንዳትመጣብኝ ፈራሁ» ይል ነበር።

ደለሉን የምንጠርገው በለስላሳ መጥረጊያ ነው። ጠንካራው ሊሾውን ይጭረዋል፤ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ ይበቅላል። ሳሙና አይገባም። ግድግዳው ከታጠበ በኋላ የሾርባ ማንኪያ ከኪሱ ያወጣና ጀርባውን እያዞረ ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል። ደህናው ልስን «ድም» ይላል፤ ከግንቡ የተላቀቀው «ቋ» ይላል፣ እንደ ባዶ ቅል። እኔ መጀመሪያ ሁሉም ይመሳሰልብኝ ነበር። «በጆሮሽ አትስሚው፤ በጥርስሽ ስሚው» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ መታሁት። እውነቱን ነው፤ ባዶው ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ታጥቦ ሲያልቅም ደርቆ እንዲያድር አይፈቅድም። ጣት የሚያሰጥም ውኃ ታች ይተዋል። «የደረቀ በርከድ እንደ ጾመኛ ነው፤ ተቆጥቶ ይሰነጠቃል» ይላል። እሱ በረመዳን እኔ በሁዳዴ የተገጣጠምን ዓመት ግን ከበርከዱ ይልቅ እኛ ነበርን የምንሰነጠቀው። ግቢው ውስጥ ማንም ሊያናግረን አይደፍርም ነበር።

ከልማዱ ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው፤ ውኃ በተለቀቀ ቁጥር ሌላው ሰው አራተኛ ፎቅ ወጥቶ «ደረሰ!» ሲል፣ እሱ በኋላ በር ዞሮ የእኛን ቧንቧ ይከፍታል፤ በእፍኙ ቀድቶ ይጠጣል፤ ከዚያ ነው «ደረሰ» የሚለው። «የውኃ ፍርድ የሚታየው መጨረሻው ቧንቧ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ጥጋበኛ ነው» ይለኝ ነበር። ይህን ስሰማ ያገኘሁትን ሥራ እንደማልለቅ አወቅኩ።

የወቅቱ ሕግ እንዲህ ነው። ጂላል ሊያልቅ ሲል ጣራ ይጠረጋል፣ አሸንዳ ይጸዳል። አሸንዳ ውስጥ የማይገኝ የለም፤ የልጅ ጫማ፣ የቁራ አጥንት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጫት እንጨት። ከሰዓት በኋላ ጣራ ላይ የሚቅሙት ሰዎች «እኛ አልጣልንም፤ ነፋስ ነው» ይላሉ። እኔም «ነፋሱ ይቅማል እንዴ?» እላቸዋለሁ። ቅጣቱ አንድ ጀሪካን ውኃ ከዋሄን በራስ ተሸክሞ ማምጣት ነበር፤ በመኪና ማምጣት አይቆጠርም። አንድ መኪናውን በጋራ ውኃ ያጠበ ነጋዴ በሰው መሀል ጀሪካን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ሚስቱ ሰገነት ላይ ሆና እልል አለችበት። ከዚያ ወዲህ መኪናውን በጨርቅ ይወለውላል።

ዝናብ ሲመጣ የመጀመሪያው ወደ በርከድ አይገባም፤ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ቧንቧው ወደ ባሊው ይዞራል። «የመጀመሪያው ዝናብ የሐይቁ፣ ሁለተኛው የእኛ» እንላለን። ሁለተኛው ሲጀምር ጣራ ላይ ያለው ሰው ወደ በርከዱ የሚወርደውን ቧንቧ መክፈት አለበት።

በመጀመሪያው ዓመቴ ጣራ ላይ የነበረው ዓሊ የሚባል ወጣት ነው፤ የኮሚቴዋ ሊቀ መንበር የሐጃ ሳህራ አማች። አዴር ጃማ በርከዱ አፍ ላይ ሆኖ «ዘነበች፣ ዓሊን ‹ፉር› በይው፤ ክፈት ማለት ነው» አለኝ። ድምፄ ትልቅ ነው፤ ደግሞም በዝናብ ውስጥ ነው። «ዓሊ! ፉር! ማንታ ፉር!» አልኩ፣ ዛሬውኑ ክፈት ማለቴ ነው። ዓሊ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ሚስቱ አጠገቡ መሰላል ይዛ ቆማለች። እኔም አበረታሁት፤ «ፉር! ምን ትጠብቃለህ፣ ፉር!»

የሁለተኛ ፎቅ መስኮት በርግዶ ተከፈተና ሐጃ ሳህራ እስከ ወገባቸው ወጡ። ሲጮኹ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሰነበሽ። ስሜን እንዲህ ነበር የሚጠሩት። አዴር ጃማ በርከዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹ልጄን ፍታት እያለች አማቼን የምታዝ ይህች ሐበሻ ማን ናት?› ነው የሚሉት። ፉር ክፈትም ነው፣ ሚስትህን ፍታም ነው። እነሱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲጣሉ ነው የከረሙት!»

ዓሊ ቧንቧውን ከፈተ። ሚስቱን አልፈታም፤ ይኸው አምስት ልጅ ወልደዋል። ሐጃ ሳህራ ግን ለወራት ሰላምታ ነፈጉኝ። በኋላ የዓሊ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ በቤታቸው ውኃ ጠፍቶ ስለነበር፣ ከእኛ ቧንቧ እየቀዳሁ እስከ ላይ ድረስ ሳመላልስ አዩኝ። «ሰነበሽ፣ አሁንስ ምን ልትይ መጣሽ?» አሉኝ። «ሒር» አልኳቸው፤ ዝጋ ማለት ነው። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ነን፤ ወዳጅ ስል ግን በየሳምንቱ እንጣላለን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ዓመት ልምጣ።

ያ ጂላል ረዘመ። አዴር ጃማ እህቱ አርፋበት ድሬዳዋ ሄዷል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ውኃው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ታች ጣት የሚያሰጥመው ብቻ ቀረ። ቦቴዎቹ በየሰፈሩ እየተሻሙባቸው ወደ እኛ መምጣት አቁመዋል። ከፎቁም ከኋላውም ሕፃን የያዙ ሴቶች ጀሪካን ይዘው መጡ። «አዴር እንዲተው ያዘዘው ነው» ብዬ ከሕፃን አፍ ልከልክል? ጨልፌ ሰጠሁ። የመጨረሻዋን በስፖንጅ ነበር ያወጣኋት። ከዚያ በርከዱን አጠብነው ለማለት አይቻልም፤ በደረቁ ጠረግነው። ማንኪያውንም ይዤ ዞርኩ፤ ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም መታሁ፤ «ድም» አለኝ። ዛሬ ቢቀር ነገ ይመጣል ያልነው ዝናብ ግን ቀረ፤ በርከዱም ሳምንታት ደርቆ ቆየ።

ጉ ሲመጣ እንደ ሠርግ ተቀበልነው። የመጀመሪያውን ለሐይቁ ሰጠን፣ ሁለተኛውን አስገባን። እስከ አፉ ሞላ። ሰው እየመጣ ፊቱን በውኃው ያያል። ልጆች ስማቸውን እየጠሩ ወደ ውስጥ ይጮኻሉ፤ በርከዱም ይመልስላቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ሳነሣ የማየው ግድግዳ ነበር። ውኃው ወርዷል። አላመንኩም፤ ድንጋይ ጣልኩ። ድንጋዩ ራቅ ብሎ ነው ውኃ የነካው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ድንጋዩ ውኃ አልነካም፤ ደርቆ ጮኸ። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። በአጥሩ ሥር ሮጥኩ። ባሊው ዳር ያለው ደረቅ ከፍታ ርሷል፤ ጭቃው ውስጥ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። የአንድ ወቅት ውኃችን ከመሬት በታች ሄዶ ባሊው ውስጥ ገብቷል። የደረቀው ልስን እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ከግንቡ ግን አልተላቀቀምና ማንኪያዬ ሊይዘው አልቻለም። ውኃው ሲከብድበት ተከፈተ። ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንቁራሪቶቹ ደግሞ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቁም።

ውኃው ከጠፋ በኋላ ጠቡ መጣ። ስብሰባ ተጠራ። ኮሚቴው የባለ ቤቶች ነው፤ የኋላ ረድፍ አይጠራም። እኔ ግን ቁልፍ ያዥ ስለሆንኩ ተጠራሁ፤ ለመወቀስ። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ሰው ተነሥቶ ስንጥቅ የሚባለውን አላምንም አለ። የኋላ ረድፍ ሰዎች ቀድተው ለውጭ ሸጠውታል፤ በርከዱ ተጠግኖ ቦቴ እስኪመጣ ድረስ ቧንቧቸው ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላም ሲተርፍ ይሰጣቸው አለ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ቧንቧው አንዴ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ረድፉ ውስጥ አራስ አለች፤ የታመመ ግንበኛ አለ።

ደሜ ፈላ። የምናገረው ግን በአማርኛ አይደለም፤ አስተርጓሚዬ አዴር ጃማም ድሬዳዋ ነው። «ስለ ውኃው የነገርኳችሁ ሐቅ ነው፤ አልዋሸሁም፤ ኑና ጭቃውን እዩ» ማለት ነበር የፈለግኩት። ሶማሊኛዬ ያንን ያህል አይረዝምም። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና የምችለውን አልኩ፤ «ቢዮሁ ዋ ሐቅ!» ውኃው ሐቅ ነው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያልገባቸው መስሎኝ ደግሜ መታሁ፤ «ሐቅ! ሐቅ ነው!»

አንድ መቁጠሪያ የያዙ ሽማግሌ «ሱብሐነላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከሳሹ ሰውዬ ተቀመጠ። ሐጃ ሳህራ ሻሻቸውን አስተካከሉና ለረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ እኔ ከንግግሩ የያዝኩት «ሰነበሽ» እና «ሐቅ» የሚለውን ነው። ሰው እጁን አወጣ። ቧንቧው አልተዘጋም። እንዲያውም በማግስቱ የመጣችው ቦቴ መጀመሪያ ለኋላ ረድፍ ጀሪካኖች ቀዳች። እኔም «እውነት ስትነገር እንዲህ ትሠራለች» ብዬ ለረድፉ ሁሉ እየሰበክሁ ሰነበትኩ።

አዴር ጃማ ሲመለስ ነገሩን ከሌላ ሰው ሰምቶ መጣ። «ዘነበች፣ እዚያ ስብሰባ ላይ ምን ነበር ያልሽው?»

«እውነት ነው አልኳቸው፤ አልዋሸሁም ብዬ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ?»

«ምነው?»

«እህቴ፣ በሶማሊኛ ሐቅ ማለት እውነት ብቻ አይደለም። መብት ነው፤ የሰው ድርሻ፤ የተከለከለ እንደሆነ አላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ። አንቺ ጠረጴዛ መትተሽ ‹ውኃ የሰው መብት ነው› ብለሻቸዋል! ሐጃም ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ‹ይህን እኛ ለእሷ ልንነግራት ሲገባን፣ ክርስቲያኗ መጥታ አስታወሰችን› ነው ያሉት።»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። ባላልኩት ንግግር ተሸልሜያለሁና ፍትሕ አይደለም አልኩ። እየጎተተኝ ሐጃ ሳህራ ዘንድ ወሰደኝና ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው ግድግዳ ይዘው ሳቁ፤ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንግዲህ ሶማሊኛ በደንብ ብታውቂ ኖሮ» አሉኝ፣ «ቧንቧሽ ተዘግቶ ነበር። ተይው፤ እንዳትማሪ!»

«ታዲያ ውሳኔው ይሻራል?» አልኳቸው።

«ለምን ይሻራል? የሰማነው እኮ እኛ ነን።»

በርከዱን የጠገነው የኋላ ረድፍ ነው። ስንጥቁን በመሮ አስፍተን ከፈትነው፤ ቀጭን ስንጥቅ ላይ ሲሚንቶ መቀባት ቁስል ላይ ዱቄት መነስነስ ነው። አረጠብነው፤ አንዱን ልስን በሌላው ላይ አለበስነው፤ ከዚያ ፀሐይ እንዳያየው እርጥብ ጆንያ እየለወጥን አጠጣነው። ሴቶቹ ጆንያውን እያጠጡ ሲዘፍኑ በርከዱ ውስጥ ድምፃቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ያስተጋባ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን ልስን የለሰነችው ትርሲት የምትባል ነች፤ ሰው ቤት ልትሠራ መጥታ፣ አልስማማ ብሏት፣ ከግንበኞች ጋር ገብታ ሙያ የያዘች። እጇ ቀጥ ያለ፣ ምላሷም እንደዚያው። ሶማሊኛዋ ደግሞ ሬዲዮ ነው።

ከዚያ በኋላ በርከዱ አላፈሰሰም። አዴር ጃማ አርጅቶ ልጁ ዘንድ ድሬዳዋ ገባ። ዛሬም ሲደውል ከጤናዬ በፊት የሚጠይቀኝ የመጨረሻውን ቧንቧ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ እኔ ከመሰላሉ በተጎተትኩ ሰሞን፣ አዲስ ስብሰባ ተጠራ። ግማሹ ቤት ባለቤት ለውጧል። አዲሶቹ አሮጌውን ነገር አያውቁም፤ ደንቡ በደንብ ተጽፎ «ሜምበር» እና «ጌስት» ተለይቶ ይቀመጥ አሉ። ሐሰን የሚባል ሰው ነው ያነበበልን፤ ከውጭ አገር የተመለሰ፣ ጨዋ፣ እኔን «ኤዶ» ብሎ ወንበር የሚያስነሣልኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። የኋላ ረድፍ «ጌስት» ተብሏል። እንግዳ! ውኃም እንደ ሰደቃ፣ እንደ ምጽዋት ይሰጣቸዋል ይላል።

ስብሰባው ጣራ ላይ ነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ። በዚህ ጊዜ የኋላ ረድፍም ተጠርቶ ከዳር ቆሟል። ሐጃ ሳህራ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ በምርኩዛቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። «ሰነበሽ፣ ተነሺ እንጂ። ጠረጴዛ አምጡላት።»

ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። በሶማሊኛ፣ የልጄ ልጅ አርማልኝ፣ አንድም የሚያሻማ ቃል የሌለበት። አፌ ድረስ መጣ። ግን ቁልፉን አስረክቤያለሁ። ቁልፍ ያዥ ስለሆንኩ ነበር የምሰማው፤ ቧንቧው እኔ በጮኽኩ ቁጥር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ እኔ ስሞት ይዘጋል። ምላሴን ነከስኩ። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ሥራ የለም፤ ሲሚንቶ ይሻላል።

ጠረጴዛው መጣ፤ አልተነሣሁም። ከዚያ ከዳር ትርሲት እጇን አወጣች። እጇ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ።

«አቦዌ ሐሰን» አለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ሰደቃ የሚሰጠው ለለመነ ነው። እኛ መቼ ለመንን?»

«አልለመናችሁም፤ ለክብራችሁ ነው እኮ እንግዳ ያልኩት» አለ።

«ደግ። እንግዳ ከሆንን እንግዳ ሥራ አይሠራም። ነገ ዝናብ ቢመጣ እኛ እንቀመጣለን፤ እናንተ አሸንዳውን ጥረጉ፣ በርከዱ ውስጥ ውረዱ፤ ስትጨርሱ ምሳ አቅርቡልን። እንግዳ እንዲህ አይደለም የሚስተናገደው?»

ሳቅ ፈነዳ። ዓሊ፣ አሁን ሽበታም ነው፣ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ሐሰን ራሱ እየሳቀ «ታዲያ ምን እንበላችሁ?» አላት።

«አባል። ከመሀላችን አንድ ሰው ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጥ። ውኃው ሲበዛም ሲጎድልም ከእናንተ ጋር እኩል ይድረሰን።»

አንዱ፣ ቤት ሳይኖራቸው እንዴት ይሆናል አለ። ሌላው ይሁን አለ። ሦስተኛው ወደሚቀጥለው ሚቲንግ ይተላለፍ አለ። ልክ በዚያን ጊዜ ከማዶ፣ ከባሊው በላይ፣ ሰማዩ ጠቆረና ነፋሱ አቧራ ይዞ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ሳንቲም ጣራው ላይ ተበተኑ። የሐሰን ወረቀት ከእጁ ወጥቶ በረረ። ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ተነሣ።

ሐጃ ሳህራ ግን አልተነሡም። ምርኩዛቸውን ጣራው ላይ መቱ። «እጅ አናወጣም፤ ጊዜ የለም!» አሉ። «ትርሲት ኮሚቴ ገብታለች። የሚቃወም ካለ ዝናቡ ላይ ቆሞ ይናገር!»

ዝናቡ ወረደ። ሦስተኛው ሰውዬ ደረጃው ላይ ደርሶ ዞር አለ፣ ሰማዩን አየ፣ ሐጃን አየ፣ ወረደ። ማንም አልቆመም። የቆሙት የሚሠሩት ብቻ ናቸው። ሐሰን ጫማውን አውልቆ መጥረጊያ አነሣ፤ የኋላ ረድፍ ሴቶች ውኃውን ወደ አሸንዳው ይገፋሉ፤ ዓሊ ቧንቧውን ወደ ባሊው አዞረ። ሐጃ ሳህራን ከነወንበራቸው አንሥተው ወደ ጥላው ወሰዷቸው፤ እንደ ሙሽራ እየሳቁ።

እኔ ቀረሁ። አንዱ ጎረምሳ በጠንካራው መጥረጊያ ይጠርጋል፤ ዓይኔ እያየ! ተነሥቼ እያነከስኩ ሄድኩና ነጠቅኩት። «እንዲህ አይደለም! ከላይ ወደ ታች! ጎንበስ በል!» ልጁ ጎንበስ አለ። አንድ እርጥብ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«እማማ ዘነበች፣ ሂጂና ተቀመጪ።»

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው እኔን የምታዢኝ?»

ትርሲት ዝናቡ ከፊቷ እየፈሰሰ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደች።

«ኮሚቴ ነኛ!» አለችኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ።